ሦስተኛው ቃል

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ትናንት ጠዋት ደሜን ሰጠሁ። አንተ ሳትሄድ የቀረህበት ምርመራ ነው። እኔም ያንተን ኪኒን ጀምሬ ጡንቻዬን ቢያመኝ ወረቀት ተጻፈልኝ፤ ያንተው ላይ የነበሩት ሦስት ቃላት አሉበት፦ የጡንቻ ጉዳት ምርመራ።

ያንተው የተጻፈልህ ቀን እኔ የምሠራበት ማተሚያ ቤት ድረስ ይዘኸው መጣህ። የኮሌስትሮሉ ኪኒን ጭንህን እያሳመመህ እንደሆነ ብትነግራት፣ ሐኪሟ ለማንኛውም እንየው ብላ ነበር የጻፈችልህ። መነጽሬን ረስቼ ነው፣ አንብብልኝ አልከኝ። መነጽር ኖሮህ እንደማያውቅ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔም ከማርመው መጽሐፍ በቅጡ ቀና ሳልል «የጡንቻ ጉዳት» ብዬ አነበብኩና ቦታዋን የሳተች አንዲት ነጠላ ሰረዝ ዓይኔን ሳበችው። ሦስተኛውን ቃል ዋጥኩት።

«እና ጉዳት አለብህ ነው የሚሉኝ?» አልከኝ።

«ጡንቻህን ሠላሳ ዓመት ቁም ሳጥን ስታሸክመው ኖረህ ሊመርቅህ ኖሯል?» አልኩህ።

ቀልዴ ነበር። አንተ ግን ወረቀቱን አጣጥፈህ ኪስህ ከተትክና በል ሥራህን ሥራ ብለኸኝ ወጣህ። ዕቃ ጫኞቹ «ክሬኑ» የሚሉህ ሰው፣ ቁም ሳጥን ብቻህን ሦስተኛ ፎቅ አድርሰህ ሌሎቹ ለምስክርነት ነው የመጡት የምትል ሰው፣ ጡንቻው ተጎዳ ከተባለ ነገ ማን ይጠራዋል? ይህ የገባኝ ከቀብርህ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኑንም እርግፍ አድርገህ እንደተውከው ባለቤትህ እትዬ ነገረችኝ። በሰባተኛው ወር ሶፋ አውርደህ ስትመለስ ደረጃው ላይ ልብህ ቆመ።

ሐኪሟን ሄጄ ጠየቅኋት። «ኪኒኑን በማቆሙ ነው ብዬ አልዋሽዎትም፤ አይደለም ብዬም አልምልም» አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ስንት መጽሐፍ ውስጥ ፊደሉን አስተካክዬ አሳልፌዋለሁ መሰለህ።

ትናንት ደም የምትቀዳዋ ሴት እጅጌዬን ለመሰብሰብ ሳመነታ አይታ መርፌዋን አስቀመጠችና አስረዳችኝ። ከክንድ የሚወሰድ ትንሽ ደም ነው፤ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ያልቃል። ያንን ኪኒን እየወሰደ ጡንቻዬን አመመኝ ለሚል ሰው የተለመደ ነው። የውጤቱ ቁጥር ከፍ ቢል እንኳ ሰውየው አለቀለት ማለት አይደለም፤ ከባድ ሸክም ብቻውን ከፍ ያደርገዋል። ጥቂት ቀን ይታረፍና ይደገማል። ጥፋቱ የኪኒኑ ከሆነም ሐኪሟ መጠኑን ትቀንሳለች ወይ ትቀይረዋለች። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም፣ ጋሼ። እኔ ላንተ ያጣሁት ሁለት ደቂቃ ነው።

በመጨረሻ ሰሞኑን ከባድ ነገር ተሸክመው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። እውነቴን ነው፤ ካንተ ወዲህ ምንም አልተሸከምኩም። ሳጥንህን ያነሳነው ስድስት ሆነን ነበር፤ አምስቱ ባልደረቦችህ፣ ስድስተኛው ለምስክርነት የመጣሁት እኔ። በጠባቡ ደረጃ ስናወርድህ ከፊት ያለው ሰው ከልማዱ፣ «ቀስ በሉ፣ ግድግዳ እንዳይጭረው» አለ። ማንም አልሳቀም። ሁላችንም እርምጃችንን አሳጠርን።

ይቅር በለኝ።

ታናሽህ፣ አራሚው