ሦስት ደቂቃ ነው የቀረን

ውድ ኤዶ ደሃቦ፣

«እርስዎ» ስልሽ «አንድ ሰው ነኝ፣ ምን ታበዛኛለህ?» እያልሽ ትስቂብኝ ስለነበር በደብዳቤም «አንቺ» እልሻለሁ። ከሞትሽ ሰባት ወር ሆነ። ጅጅጋ ደህና ናት። ባጃጆቹ እንደ ጉድ ይሰበራሉ፤ የመለዋወጫ ሱቄም ገበያ አላጣም። ዘግቼ ስመጣ ግን የግቢያችንን በር የሚከፍትልኝ የለም። ቁልፍ መያዝ የጀመርኩት በአርባ ዓመቴ ነው።

የምጽፍልሽ መናዘዝ ያለብኝ ነገር ስላለ ነው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት አስታውሺ። እናቴ በሦስት ዓመቴ ስትሞት ለጎረቤቷ ለአንቺ ሰጥታኝ ሄደች፤ ፊቷን እንኳ አላውቀውም። ከተማው ውስጥ እሷን የሚያውቅ ከአንቺ በቀር ስላልቀረ፣ ሁሉን እንድትነግሪኝ ለመንኩሽ። በስልኬ ልቅዳሽ ስል እምቢ አልሽ። «ስልክህ ሲጮህ ወሬዬን ይቆርጠዋል።» እውነትሽን ነበር። ስለዚህ ከስልክ ጠጋኙ ከዐብዲሓኪም ድምፅ መቅጃ ተዋስኩ።

መቼም የአንቺ ወሬ አጀማመሩ ይታወቃል። እናቴ በጭነት መኪና ጅጅጋ የገባችበትን ቀን ልትነግሪኝ ተነሥተሽ፣ መጀመሪያ የዚያን ዓመት ድርቅ፣ ከዚያ የሾፌሩን ጎሳ እስከ ሰባት ትውልድ፣ ከዚያ ደግሞ ቀንዷ የተሰበረ ፍየልሽን ጀመርሽ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እናቴ ከመኪናው አልወረደችም! እኔ ደግሞ ችኩል መሆኔን ታውቂያለሽ። የመቅጃውን መስኮት ባየው 3:41 ይላል።

«ኤዶ፣ ቶሎ በይ፤ ሦስት ደቂቃ ነው የቀረን» አልኩሽ።

ቀና ብለሽ አየሽኝ። «ሦስት ደቂቃ? ሃዬ፣ እሺ፣ እንግዲያ ላሳጥረው። እናትህ ጎበዝ ነበረች። ትወድህ ነበር። አንተን ስትሰጠኝ የተባባልነው አለ፤ እሱ ግን በሦስት ደቂቃ አይነገርም። ሌላ ቀን።»

ሻይሽን ጠጣሽ። እኔም መቅጃውን አጥፍቼ ወደ ሱቅ ሮጥኩ።

ሌላው ቀን አልመጣም። በሳምንቱ ኤረር ለቅሶ ልትደርሺ እንደሄድሽ እዚያው አረፍሽ። ተደውሎልኝ ብከንፍም ስደርስ ተቀብረሻል።

ከሐዘኑ ስመለስ ድምፅሽን ወደ ስልኬ እንዲያዛውርልኝ ዐብዲሓኪም ጋ ሄድኩ። «ሞልቷል፤ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው» አልኩት። መነጽሩን አድርጎ አየና «ዋርያ፣ ስማ አምሀ፣ ይኼ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ነው» አለኝ። አንዲት ቁልፍ ሲጫን መስኮቱ ይለዋወጣል፤ አንዴ የተቀዳውን ጊዜ፣ አንዴ ለመቅዳት የቀረውን፣ አንዴ የተቀዳበትን ቀን ያሳያል። ከቁጥሩ ጎን ሰዓት መሆኑን የምትናገር ደቃቅ ፊደል ነበረች፤ ልብ አላልኳትም። ደግሜ ባየው እንኳ ቁጥሩ በሴኮንድ ሳይሆን በደቂቃ አንዴ ብቻ እንደሚቀንስ ይገባኝ ነበር።

ኤዶ፣ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ነበረን። የሾፌሩን ጎሳ እስከ ሃያ ትውልድ ብትቆጥሪው ይበቃን ነበር። እዚያው ዐብዲሓኪም ፊት አለቀስኩ።

መቅጃውን ገዛሁት። ስሰማሽ መስኮቱ ድምፅሽ ሊያልቅ ስንት እንደቀረው ይቆጥራል። እሱን ማየት ስላልቻልኩ ያለፈውን ወደሚያሳየው ቀየርኩት። ታዲያ አንድ ነገር ታዘብኩ። ስለ እናቴ የተናገርሽበትን አልፌ የምደጋግመው የፍየሏን ወሬ ነው፤ አንቺ የምትስቂበትን። በፋሲካ አንቺ የማትቀምሺውን ሥጋ በክርስቲያን ጎረቤት አሠርተሽ «ብላ፣ የእናትህ አደራ ነው» ትዪኝ የነበረው ትዝ ይለኛል። ሠላሳ ሰባት ዓመት «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ አልኩሽ እንጂ በሌላ ስም ጠርቼሽ አላውቅም። ልቤ ግን ሌላ ስም ነበረው፤ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።

እሑድ ወደ ጉናጋዶ፣ ታላቅ እህትሽ ዐዎ ጋ እሄዳለሁ። እናቴን እናትአለምን አይታት አታውቅም። የምጠይቃት ስለ አንቺ ነው። ከፈለገችው ድርቅ ትጀምር፣ የፈለገችውን ፍየል ታምጣ፤ አላቋርጣትም። የመቅጃው መስኮት ላይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ።

ልጅሽ፣
አምሀ