ለዘጠኝ ቀን ስለሠራው አሳንሰር

ለምሥራቅ ጮራ ዩኒቨርሲቲ
የኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ለክቡር ዶክተር ቂርቆስ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለሥራዎም መቃናት እመኛለሁ። ደጅዎን በጠናሁባቸው ቀናት ቢሮዎ ምንም ደረጃ የማይወጣበት ምድር ቤት መሆኑን አይቼ በተለይ ለጉልበትዎ ደስ ብሎኛል።

አሰጋሽ ጉቱ እባላለሁ። ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ብሎ ባለ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴ ከቶሌሳ ጋር እኖር ነበር። ቶሌሳ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከያዘው ወዲህ ግን የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የሕንፃችን አሳንሰር ደግሞ በገባን በአራተኛው ወር ቆመ፤ የገጠመው ድርጅትም ተዘግቶ ባለቤቱ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ።

ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ስንሄድ አራት ጎረቤቶች ባለቤቴን በብርድ ልብስ ተሸክመው አወረዱት። በሁለተኛው ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንደኛውን ጎረቤት አዳለጠውና የሰውየው ክንድ ተሰበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶሌሳ ማንም እንዳይሸከመው ከለከለ። አሥራ አንድ ወር ከቤት ሳይወጣ ቀረ። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ወደ ቦሌ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች ያይ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ «ይሄ ሁሉ ይወርዳል፤ እኔ ብቻ ቀረሁ» አለኝ።

በዚያው ሰሞን በታክሲ ሳልፍ በአጥራችሁ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ተልዕኳችሁን አነበብኩ፤ «የማኅበረሰቡን ችግር በተግባር የሚፈታ ባለሙያ ማፍራት» ይላል። እኔም የተጻፈውን እንደተጻፈ የማምን ሞኝ ነኝና በማግሥቱ ማመልከቻ ይዤ መጣሁ። ጸሐፊዎ መዝገብ ቁጥር ሰጥታ በክብር ሸኘችኝ። ለዚህና ከዚህ በታች ለዘረዘርኳቸው ውለታዎች ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ እገደዳለሁ።

አንደኛ፣ በሁለተኛው ወር አምስት አባላት ያሉት አጥኚ ቡድን ስምንት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ስለመጣልን አመሰግናለሁ። መሣሪያ አልያዙም፤ መጠይቅ ግን ይዘው ነበር። የአሳንሰሩ መቆም በኑሯችን ላይ ያደረሰውን ጫና ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር እንድንገልጽ ተጠየቅን። ቶሌሳ ጥቂት አሰበና፣ «ስድስት በሉልኝ» አላቸው። ስድስት የሚባል ቦታ እንደሌለ በትሕትና አስረድተውት ሄዱ።

ሁለተኛ፣ ቤዛዊትና ሚስባህ የተባሉ ሁለት ተመራቂ ተማሪዎቻችሁ የእኛን አሳንሰር የመመረቂያ ሥራቸው ስላደረጉት አመሰግናለሁ። ስለ እነዚህ ልጆች የምቀልደው የለኝም። ስድስት ሳምንት ተመላልሰው የመቆጣጠሪያ ቦርዱ በመብራት መዋዠቅ መቃጠሉን ያወቁት እነሱ ናቸው። ምትኩን እንሥራ ብለው ቢጠይቁ ግን፣ የሰው ቤት ቤተ ሙከራ አይደለምና በኮምፒውተር አሳዩ ተባሉ። ሥራቸውን ሲያቀርቡ እኔም በእንግድነት ተጠርቼ ነበር። በስክሪኑ ላይ አሳንሰራችን ከምድር ተነሥቶ ስምንተኛ ፎቅ ደረሰና በሩን ከፈተ። ተጨበጨበ። እኔም ልገባበት ከወንበሬ ብድግ ብዬ ነበር። ለልጆቹ ከፍተኛ ውጤት፣ ለእኛ ደግሞ በመስታወት ፍሬም የገባ የምስጋና ወረቀት ተሰጠን።

ሦስተኛውን ቁጥር እየሰጠሁ መቀጠል አልችልም፤ እንደሆነው ልንገርዎ።

በዚያ አዳራሽ ከኋላ የተቀመጡ፣ በወርክሾፓችሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩ ቴክኒሻን አሉ፤ አቶ ገብረአምላክ። ሰው ሲወጣ ጠብቀው፣ ባለቤትዎ ስንተኛ ፎቅ ላይ ናቸው ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁለቱ ልጆች ጋር እየመጡ፣ ከስቶራችሁ ከተጣለ ማሽን በፈቱት ዕቃ ቦርዱን ሠሩ። የአሸዋ ከረጢት እየጫኑ አራት ቀን ሙሉ ሞከሩት። በአምስተኛው ቀን በሩ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ተከፈተ፤ ቶሌሳም ወረደ።

ያን ቀን ምን እንዳደረገ ይወቁልኝ። ፀጉር ቤት ገብቶ ጢሙን ተላጨ። ቀጥሎ ኢምፔሪያል ድረስ እንድገፋው ጠይቆኝ ታክሲዎቹ ሲጋፉ ሲያይ ዋለ፤ አንዱን ሹፌር መንገድ ዘግተህ ነው የቆምከው ብሎ ተቆጣው፤ ሹፌሩም «እሺ አባባ» ብሎ ተነሣለት። ለባለቤቴ ሰው ሲታዘዝለት ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

እንዲህ ያለ ዘጠኝ ቀን ሰጣችሁን። በአሥረኛው ቀን በፊርማዎ የወጣ ደብዳቤ ለሕንፃው ኮሚቴ ደረሰ፤ ቦርዱ ያለፈቃድ የተሠራ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ስለሆነ ይመለስ ይላል። ሁለት ሰዎች መጥተው ደረሰኝ ቆርጠው ፈቱት። አቶ ገብረአምላክም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ቦርዱ ሲፈታ ቶሌሳ ታች፣ ፀሐይ ላይ ነበር።

ጎረቤቶች ተሸክመን እናውጣህ ብለው ለመኑት። «አንድ ክንድ ይበቃል» አላቸው። ይኸው ከዚያ ወዲህ የሚኖረው በሕንፃው ጥበቃ ቤት፣ በጠባቂዎቹ አልጋ ላይ ነው። ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ክረምቱም ገብቷል። ማሳል ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። እኔ ምግቡን፣ ልብሱንና መድኃኒቱን ይዤ በቀን አራት ጊዜ ስምንት ፎቅ እመላለሳለሁ፤ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በአርባ ሁለት ዓመት ትዳር ተለያይተን አድረን የማናውቅ ሰዎች፣ አሁን በአንድ ሕንፃ ታችና ላይ ሆነን በስልክ ደኅና እደር እንባባላለን።

ክቡር ዶክተር፣ ደጋግሜ መጥቻለሁ፤ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብዬ ተመልሻለሁ። ኩራቴ አልቋል። ቦርዱን አስፈርማችሁ በውሰት ስጡን። ደንብ ከከለከለ ሌላ ይሠራልን፤ አቶ ገብረአምላክ ይችላሉ፤ እንዳይቀጡ ብቻ ይጻፉላቸው። ይህም ካልሆነ አንድ ቀን ብቅ ብለው፣ ለምን እንዳልሆነ ለቶሌሳ በራስዎ አንደበት ይንገሩት። እኔ ልነግረው ሞክሬ አልቻልኩም።

ለትምህርት ክፍልዎ የማያልቅ በጀት፣ ለአጥራችሁ የማይደበዝዝ ቀለም እየተመኘሁ፣ በመዝገብ ቁጥር የምታወቀው ታዛዥዎ፣

አሰጋሽ ጉቱ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ቤዛዊት ከዐውደ ርዕያችሁ ፎቶ ላከችልኝ። ቦርዳችን በመስታወት ሳጥን ተቀምጦ፣ «ትምህርት ክፍሉ ለማኅበረሰቡ ከሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ» ተብሎ ተጽፎበታል። ጎብኚዎች ተጠቃሚውን ማየት ከፈለጉ ወደ እኛ ይላኩልን፤ ጥበቃ ቤቱ በር ላይ ነው፣ ደረጃ አይወጡም።