ከአራስ ቤት የተረፈው ማሰሮ

ጥር 19

ከትምህርት ቤት ስመለስ ልጄ ቼንዳ የመረብ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያውን ታያለች። ነቅታለች፣ ግን አታለቅስም። አማቴ «ጨዋ ልጅ» አሉ። ጨዋ... አሥራ አንድ ወር ሆናት። የጎረቤታችን ልጅ በዘጠኝ ወሩ ዶሮ እያሳደደ ይድህ ነበር። የእኔዋ ያለ ትራስ አትቀመጥም።

አርባ ደብተር አረምኩ። ሩዝ በደረቅ ዓሣ በላን። ሌላ ነገር የለም።

ጥር 26

የክትባት ቀን። ሲስተር ዳሊን ቼንዳን ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ ለቀቀቻት። ወደ ጎን ወደቀች። እንደገና አስቀመጠቻት፣ እንደገና ወደቀች። ከዚያ ከወረቀት ላይ እያነበበች ትጠይቀኝ ጀመር። ስትወለድ አለቀሰች ወይ? ትኩሳት ነበራት ወይ? ስታጠቢ መጠጥ ትጠጪ ነበር?

አልጠጣም ነበር አልኩ።

ከኋላዬ ሴቶች ተሰልፈዋል። ግማሾቹ የተማሪዎቼ እናቶች ናቸው። ደግሞ መጠጥ ማለት ወንዶች ሠርግ ላይ የሚጠጡት ነው። የእኔ መድኃኒት ነበር። ነበር እንዴ?

የካቲት 2

አራስ ቤቱ ትዝ አለኝ። የቀርከሃው አልጋ፣ ከሥሩ ፍም፣ ከላይ እኔ። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባ ነበር። አማቴ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከማሰሯቸው በትንሿ ስኒ እየቀዱ፣ ሥርና ቅርፊት የተነከረበትን የሩዝ አረቄ ይሰጡኝ ነበር። የወለደች ሴት ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፤ ካልሞቀ ግርሻ ይገባል። ይህን እዚህ የማያውቅ የለም።

እሳቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱት ሰው ሁሉ ተገድዶ ለጉልበት ሥራ በተነዳበት በዚያ በክፉው ዘመን ነው። ፍም የለም፣ አረቄ የለም፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ቦይ ቁፋሮ። ልጁ አልቆየም። ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። የሰፈሩን አራስ ሁሉ የሚያሞቁት ለዚህ ይመስለኛል። ማሰሮውን ሁሉም ያውቀዋል። «የእማማ ሉን ማሰሮ» ይሉታል።

የካቲት 3

ትናንት ሁሉንም አልጻፍኩም።

የካቲት 9

ደብተሩን ማንም አያየውም። ታዲያ ማንን ነው የምፈራው?

በአርባኛው ቀን አማቴ «ይበቃል፣ ሞቆሻል» ብለው ማሰሮውን ከሩዝ ጎተራው ጀርባ አኖሩት። በዚያው ሰሞን ባሌ ቬስና ለሕንፃ ሥራ ታይላንድ ሄደ። እኔ አላቆምኩም። ከምሳ በኋላ አንድ ስኒ። ከዚያ ሁለት። ለመሞቅ አልነበረም። ቤቱ ጸጥ ሲል ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ነገር እንዲነሳልኝ ነው... ሰባት ወር እስኪሆናት ድረስ።

ከጠጣሁ በኋላ አጠባታለሁ። ረጅም ትተኛለች። በመተኛቷ ደስ ይለኝ ነበር። መጻፍ የነበረብኝ ይሄ ነው። ደስ ይለኝ ነበር።

ማሰሮው ደግሞ አያልቅም ነበር። ትልቅ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር።

የካቲት 21

ሲስተር ዳሊን ጤና ጣቢያ እናቶችን ሰብስባ አስተማረች። አረቄ በጡት በኩል ወደ ልጅ ይደርሳል አለች። ሥር ቢነከርበትም ያው አረቄ ነው አለች። እኔ ትምህርት ቤት፣ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የሄዱት አማቴ ናቸው።

ሲመለሱ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ወደ ላይ አልወጡም። እኔ በምሰሶ ከቆመው ቤታችን ሥር ሩዝ አጥባለሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «በቀን ሦስት ስኒ። በዚህ እጄ።»

ሩዙን አጠብኩ። ውሃውን ደፋሁ። ሌላ ውሃ ጨመርኩ።

መጋቢት 8

የውሃው ፓምፕ ጋ አንዷ «እማማ ሉን፣ ማሰሮዎን ለአሳማዎ ያጠጡት፤ ከሰከረ ይጨፍርልዎታል» አለቻቸው። ሴቶቹ ሳቁ። አማቴም አብረው ሳቁ። ይቺ ሴት በሦስት ልጆቿ ከዚያው ማሰሮ ጠጥታለች። የሦስቱም እግር ጤነኛ ነው። አንዱ ተማሪዬ ነው፤ ሲሮጥ ማንም አይቀድመውም።

ኒሞል፣ የቬስና እህት፣ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። እሷ ደግሞ «እኔንስ ማን ያሞቀኛል?» ብላ ታለቅሳለች።

መጋቢት 20

ቬስና ደወለ። «እናቴ ናት አይደል? በእሷ አረቄ ነው አይደል?» አለ። እንጃ አልኩት።

እንጃ!

መጋቢት 27

ወደ ከተማው ሆስፒታል ሄድን። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። የቼንዳን እግር አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። አማቴ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ ያጠጣኋት። አርባ ቀን።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ከአርባው ቀን በኋላስ?»

አማቴ ወለሉን ያያሉ።

የለም አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ቼንዳ እሳቸው ጭን ላይ ተኛች። እጃቸውን ከጀርባዋ ሥር አድርገው ሁለት ሰዓት ሙሉ አላነሱም።

ሚያዝያ 8

በሚያዝያ የሚገባው የአገራችን አዲስ ዓመት ሦስተኛ ቀን። ልጆች ወላጆቻቸውን የሚያጥቡበት። ኒሞል መጎንበስ ስላልቻለች ተራው የእኔ ሆነ። አበባ የተነከረበትን ውሃ በሳህን እየቀዳሁ ትከሻቸው ላይ አፈሰስኩ። እንዴት ቀጭን ትከሻ... ሲታጠቡ የሚባለው ይታወቃል። በዓመቱ ውስጥ በአፌም በእጄም አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ ይባላል። በየዓመቱ እንለዋለን። ማንም አይሰማውም።

እስከ «በእጄም» ድረስ ብዬ ቆምኩ።

«እማ፣ ከአርባው ቀን በኋላ እጠጣ ነበር። ከጎተራው ጀርባ እየቀዳሁ። ሰባት ወር እስኪሆናት።»

ውሃው ከፀጉራቸው ይንጠባጠባል። ዞር አላሉም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ማን ይሞላው መስሎሽ ነው?»

ሳህኑ እጄ ላይ ቀረ።

«ለምን?» አልኩ።

«ቬስና ከሄደ በኋላ በየቀኑ ታለቅሺ ነበር፣ ራቪ። እኔ ያለቀሰች አራስ የት እንደምትደርስ አይቻለሁ። ስትጠጪ ዝም ትያለሽ። ሕፃኗም ዝም ትላለች። ቤቱ ዳነ ብዬ ነው የሞላሁት።» ከዚያ «ውሃውን ጨርሺ፣ በረደኝ» አሉ።

ጨረስኩ። የቀረውን ቃል ሁለታችንም አላልነውም።

ሚያዝያ 15

ለዶክተሩ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። አረቄው ይሁን ሌላ ነገር፣ አንዱ ይሁን ሁሉም፣ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርሽ አይችልም አለ። እግሯ በየቀኑ መሠራት አለበት። ምናልባት ትሄዳለች። ዘግይታ። ምናልባት።

ለቬስናም ደወልኩ። ነገርኩት። ከጀርባው የሲሚንቶ ማሽን ይሰማል። «እናቴን አገናኚኝ» አለ። ምን እንዳላቸው አልጠየቅኩም። ከእኔ ጋር መነጋገር አልፈለገም።

ግንቦት 12

ኒሞል ወንድ ወለደች። አማቴ ፍሙን ከአልጋው ሥር አነጠፉ፣ ግን ዝቅ አድርገው፣ ጢሱም ወደ ውጭ እንዲወጣ መስኮቱን ከፍተው። በትንሿ ስኒ ትኩስ የዝንጅብል ውሃ ሰጧት። ኒሞል ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ አያሞቅም» አለች። አማቴም «አያሞቅም» አሉ። ከአጠገቧ ግን አልተነሱም።

ከትምህርት ቤት ወጥቼ በቀጥታ እሷ ጋ እሄዳለሁ። ስታለቅስ ልጁን እይዝላታለሁ። ዝም እንድትል አልነግራትም።

ሰኔ 3

ቬስና ከደወለ አሥራ ሰባት ቀን ሆነው።

ዶክተሩ ቼንዳ የማይነቃነቅ ነገር ይዛ ትቁም ብሏል። ወንበሩ ቀለለ፣ ሣጥኑ ረዘመ። አማቴ ማሰሮውን ከጎተራው ጀርባ አንከባለው አወጡ። ከወንዙ አሸዋ አመጣንና እስከ አፉ ሞላነው። ልክ በደረቷ ቁመት ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አቆምናት። እኔ ወገቧን ይዤ ለቀቅኩ። ሁለት እጇ ማሰሮው ላይ ነው። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ አያቷ። አማቴ ይቆጥራሉ። አንድ... ሁለት...

አራት ላይ ወደቀች። አለቀሰች፣ ጮክ ብላ። ሁለታችንም ዝም አላሰኘናትም።

እስከ አራት። ነገ እንደገና።