ያልተቆረጠው የካውያ ትዕይንት

መቀሴ፣

እፎይ! ይኸው አፌን ሞልቼ ልጽፍልሽ ነው፤ ፊልማችን አልሞተም።

እዚህ ከተማ በታየበት የመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ሰው ገባ። እኔ ከኋላ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። አባትየው ሸሚዝ የሚተኩስበት አራት ደቂቃ ሲደርስ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እኛ ጋ የተመረቀ ዕለት እዚያ ላይ ሲደርስ አዳራሹ በስልክ መብራት ተሞልቶ፣ ሰው እየተነሣ ሲወጣ ትዝ ይልሻል። እዚህ ግን ትኬት ተቀባይዋ በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ትዕይንቱ ሲያልቅ ወጣች። በማግስቱም እንዲሁ። ዛሬ ጭራሽ እህቷን ይዛ መጣች።

አላስችል ቢለኝ ጠየቅኋት። "መጀመሪያ ቀን ያየሁት እጁን ነው" አለችኝ። "ትናንት ግን ሸሚዙ ለሱ እንደማይሆን አየሁ፤ ትከሻው ላይ ይጠበዋል። የሞተው ልጁ ሸሚዝ ነው፣ አይደል? ይሄ ሁለቴ ካላዩት የማይገባ ፊልም ነው። እህቴም ትየው ብዬ አመጣኋት።"

ኤዲቲንግ ክፍሉ ውስጥ "ቁረጪው!" ብዬ ስጮኽብሽ "አንዴ አይተህ አትፍረድ" ብለሽ ድርቅ ያልሽው ለካ ለዚህ ኖሯል። እንኳንም አልሰማሽኝ!

የምጽፍበት ፖስትካርድ ሞላ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። በምረቃው ዕለት ካውያው ሳይግል ነበር ያንኮራፉት፤ ስመለስ እንደገና እናሳያቸዋለን። እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ያንን ሸሚዝ ከሰው ጋር ቀና ብዬ ያየሁት ገና ዛሬ፣ አንዴ ብቻ ነው።