ከካርድ የተነበበ ይቅርታ

ለታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምህ ይብዛ። ጤናህ እንዴት ነው? በምርጫው ሰሞን ሲያቃጥልህ የነበረው ጨጓራ ተሻለህ? ሚስትህስ፣ መንታዎቹስ ደህና ናቸው? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ደህና መሆኔ ራሱ ያስገርመኛል። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ሸሚዝህን እየተኮስኩ፣ ጥቅስ እያስጠናሁ ያሳደግኩህ እኔ ነኝና ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈለግኩም።

ስለ ከርቲስ ታኬት ነው። ስሙን ስታይ ደብዳቤውን አጥፈህ አታስቀምጠው። አንተ በሕዝብ ፊት «ያ እስረኛ» ብቻ ስለምትለው ነው ስሙን የጻፍኩልህ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነበር። ጋራዥ ውስጥ የጭነት መኪና ይጠግናል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ስኳር አለበት። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ረስቶ ስለቀረ፣ የወረዳው ሸሪፍ ሆነህ የምታዛቸው ፖሊሶች ዓርብ ዕለት ይዘውት መጡ፤ መድኃኒቱ ያለበትን ቦርሳ ከቀበቶውና ከጫማ ማሰሪያው ጋር ቆለፉበት።

አንተ የቀጠርከኝ የእስር ቤቱ ነርስ ነኝና ቅዳሜ ጠዋት ስገባ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሲሮጥ እንደቆየ ሰው ያለከልካል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «እመቤቴ፣ ኢንሱሊኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነው» አለኝ። ሦስት ጊዜ ለመነኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ «እመቤቴ» ማለቱን አልተወም።

ደወልኩልህ። ለሴኔቱ ምክር ቤት ለመመረጥ የጠራኸው ሰልፍ ላይ ነበርክ፤ ከኋላህ ማርሽ ባንድ ይሰማል። ሆስፒታል መሄድ አለበት አልኩህ። «ሆስፒታል ማለት ሁለት ጠባቂ ማለት ነው፤ ዛሬ ከሰልፉ ሰው አልቀንስም» አልክ። ይሞታል እኮ ስልህ፣ «የሰከረ ሁሉ ሞትኩ ይላል። ጩኸቱ ካስቸገረሽ ከክፍሉ ድምፅ የሚያመጣልሽን ማጉያ ዝጊው» አልከኝ። ከዚያ ስትስቅ ሰማሁህ፤ እጅህን ከጨበጠህ ከአንዱ መራጭ ጋር ነበር።

ስልኩን ዘጋሁት። አምቡላንስ የምጠራበት ስልክ እጄ ላይ ነበር። የቦርሳው ቁልፍ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ያንን ሁሉ ትቼ እንዳልከኝ ማጉያውን ዘጋሁት፤ ሰዓቴ ሲደርስም ኮቴን ለብሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እሑድ ጠዋት፣ አንተ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የጌታን ራት ለምእመናኑ ስታድል፣ ከርቲስ ሞተ። ሰኞ «መድኃኒት አልወስድም ብሏል» የሚል ቅጽ አመጣህልኝ። እንደቆምኩ ፈረምኩ። መርማሪዎቹም በዚያ ወረቀት መዝገቡን ዘጉልህ።

ይህ አልበቃንም። እናቱ ዊልማ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው ነች፤ በልጅነትህ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማረችህ። ምርጫው አንድ ወር ሲቀረው ልጄ እንዴት ሞተ ብላ በየቢሮው መጠየቅ ጀመረች። አንተና ፓስተር ሃስኬል ወጥ ቤቴ ተቀምጣችሁ፣ የጋገርኩላችሁን የኮክ ኬክ እየበላችሁ መከራችሁባት። «እህት ዊልማን ምሬት እየወረሳት ነው፤ ለነፍሷ ስንል እንርዳት» አለ ፓስተሩ። አንተ ደግሞ «ሰው ፊት መናገር አትችልም፤ የምትለው ካርድ ላይ ተጽፎ ይሰጣት» አልክና እስክሪብቶውን ለእኔ አቀበልከኝ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ፓስተሩ ወደ መድረኩ ጠራት። «ጌታ የሰቀሉትን ይቅር ብሏል። እህት ዊልማ፣ አንቺ ከጌታ ትበልጫለሽ?» አላት። አራት መቶ ሰው አያት። መነጽሯን አልያዘችም ነበርና ካርዱን ዓይኗ ሥር አስጠግታ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ እየተንተባተበች አነበበችው፦ «ሸሪፋችንን ይቅር ብያለሁ። የእግዚአብሔር ሰው መሆኑን አምናለሁ። ለሴኔት እንዲመረጥም እጸልያለሁ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ አንተ አላዘዝከኝም። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

አለቀስክ። ካሜራው ፊትህ ላይ እንዲቆይ አስቀድመህ መናገርህን ግን አውቃለሁ። ቪዲዮው እስከ ምርጫው ቀን ድረስ በቴሌቪዥን ሲታይ ሰነበተ። ዊልማ ገበያ ስትወጣ የማታውቃት ሴት ሁሉ እያቀፈች «እንዴት ያለሽ ቅድስት ነሽ» ትላት ጀመር። ቅድስት ከተባለች በኋላ ስለ ልጇ ብትጠይቅ ማን ይሰማታል? አንድ ቀን ገና አፏን ስትከፍት ፓስተሩ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «ይቅር ብለሻል እኮ እህቴ» ብሎ ሲያልፋት በዓይኔ አይቻለሁ። አንተም ተመረጥክ።

ባለፈው ሐሙስ ቤቷ ሄድኩ። የከርቲስን የሥራ ልብሶች ከነዘይት እድፋቸው እያጠፈች ካርቶን ውስጥ ትከት ነበር፤ ለተቸገረ ልትሰጣቸው ነው። ከቀብሩ ወዲህ ሁለት ጊዜ «ጠርቶኛል?» ብላ ጠይቃኝ ሁለቱንም ጊዜ «ተኝቶ ነው ያለፈው» ብያታለሁ። ሐሙስ ዕለት ሳትጠይቀኝ ነገርኳት። ድምፁን እስክዘጋው ድረስ ሲጠራሽ ነበር አልኳት። ከዘጋሁትም በኋላ ከንፈሩ «እማ» ሲል በመስኮቱ አይቼዋለሁ አልኳት።

የያዘችውን ሸሚዝ አጥፋ ጨረሰች። ከዚያ «ያንን ካርድ የጻፈው ማን ነው?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት።

«የወንድምሽን ይቅርታ አንቺ ጻፍሽልኝ» አለች። «ያንቺንስ ማን ይጻፍልኝ?»

በሩን ራሷ ከፈተችልኝ፤ ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ስትቆልፈው ሰማሁ።

ጥሪህ ደርሶኛል። ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት በምክር ቤቱ አዳራሽ ቃለ መሐላ ስትፈጽም የአባታችንን መጽሐፍ ቅዱስ እንድይዝልህ ጠይቀኸኛል። መጽሐፉን በፖስታ ልኬልሃለሁ፤ ሚስትህ ትያዝልህ። እኔ አልመጣም። ማክሰኞ ረፋድ እኔም ዋና ከተማው ፍርድ ቤት ስለ ከርቲስ ቃሌን እሰጣለሁ፤ በሩ ከምክር ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው አሉ። መጽሐፉ ለእኔ አያስፈልገኝም፤ እዚያ የሚያስምሉበት የራሳቸው አላቸው።

ጌታ ጤናህን ይጠብቅልህ። ዕድሜህንም ያርዝምልህ፤ ከእንግዲህ ረጅም ዕድሜ ያስፈልግሃል፤ እኔንም እንደዚያው። ለልጆቹ እንዴት ብለህ እንደምትነግራቸው ከአሁኑ አስብበት።

ያሳደገችህ እህትህ