አጥሩ ከተነቀለ በኋላ

ሰኞ፣ ማርች 9፣ 2009

ናሆም፣ እንዳትቆጣ፤ አክስታችን ጽጌ መሬቱ ላይ የለጠፍከውን ቴፕ ልጣ ጣለችው። ከቀብርህ ቀን ጀምሮ አልጋህ ላይ የምትተኛው እሷ ናት፤ ብቻዬን እንዳላድር ብላ። ዛሬ ክፍላችንን ስታጸዳ ቆሻሻ መሰላት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወለሉ ላይ የሙጫው ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«ምንድን ነበር እሱ?» አለችኝ።

«የሮም አጥር።»

ትኩሳት አለው ብላ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ማክሰኞ

እሷ በምን ታውቃለች? እኔ አሥራ አንድ፣ አንተ አሥራ አራት ዓመታችን ነበር። በክፍል የሮምን አጀማመር ተምረህ መጣህና ክፍሉን በቴፕ ለሁለት ከፈልከው። መስኮቱ ያንተ፣ በሩ የእኔ። ሮሙሎስ ከተማውን ሲቆረቁር ዙሪያውን አጠረ፤ ወንድሙ ሬሙስ «ይቺም አጥር ሆና!» ብሎ ዘለላት፤ ሮሙሎስም ገደለው አልከኝ። ወዲያው ዘለልኩ። አንተም በትራስ ገደልከኝ።

ስንት ጊዜ እንደሞትኩልህ አልቆጠርኩም። ቴፑ ሲላጥ በአዲስ እየቀየርክ አራት ዓመት ገደልከኝ። መሞት የእኔ ሥራ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተራው ያንተ ሆኖ አያውቅም።

ዛሬ ምልክቱን ተሻግሬ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ማንም ምንም አላለኝም።

አሁን ያንን ትምህርት እኔ ደርሼበታለሁ። «ሮም እንዴት አደገች?» ሁለት ገጽ፣ ለዓርብ።

ረቡዕ

እራት ላይ የእኔ ጉዳይ ተነሣ። አክስቴ ነገ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቤቷ ትመለሳለች።

«ይዤው ልሂድ» አለች። «አሌክሳንድሪያ ምን ይርቃል? ድልድዩን መሻገር ነው። እዚያው ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ። አንቺ ሳይነጋ ሥራ ትገቢያለሽ። የሚቀሰቅሰው ናሆም ነበር፤ አሁን ማን ሊቀሰቅሰው ነው?»

«አላርም አለኝ» አልኩ።

«አንተን? አንተን የእሳት አደጋ መኪና አይቀሰቅስህም!»

እማዬ ሳቀች። ካንተ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ጽጌ፣ አንዱን ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛውን ሻንጣ አዘጋጅቼ አልሸኝም» አለች።

አክስቴ ሳህኗን ገፋ አደረገች። «እሺ። አንድ ቀን ካረፈደ ግን መጥቼ ነው የምወስደው።»

እማዬ አልተከራከረችም። ያስፈራኝ እሱ ነው። ከዚህ ክፍል መውጣት አልፈልግም።

ሐሙስ

አክስቴ ከሰዓት ሄደች። አንሶላህን አጥባ፣ አልጋህን አንጥፋ።

ጽሑፉን ጨረስኩ። ሮሙሎስ ከወንድሙ በኋላ ከጥቂት ሰዎች ጋር ቀረ። አንዱን ኮረብታ መጠጊያ አደረገው፤ ከጌታው የጠፋ ባሪያም ሆነ ከአገሩ የሸሸ ሰው፣ የመጣውን ሁሉ ተቀበለ። አንተ «ልክ እንደኛ ሕንፃ» ትል ነበር፤ «ሻንጣ ያለው ይገባል።» ይቺን አስገባኋት። ከዚያ የጎረቤቶቹን ሴቶች ጠለፉ፤ ጦርነት ሆነ፤ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው በባሎቻቸውና በአባቶቻቸው መካከል ገቡ፤ ሁለቱ ሕዝብ አንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ በኮረብቶቹ መካከል ያለውን ረግረግ አድርቀው ገበያ አደረጉት።

መጽሐፉ የዘለለው አንድ ነገር አለ። ሮሙሎስ በማግስቱ ሲነሣ ምን አደረገ? ይህን አልጻፍኩም። አላውቀውማ።

ዓርብ

አላርሙን ለጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሞልቼ ነበር፤ ፈርቼ ለአሥራ አንድ አደረግኩት። ሳይጮህ ነቃሁ። እማዬ ወጥታለች። ሰዓቱ በዚህ ሳምንት ስለተቀየረ ውጭው ድፍን ጨለማ ነው። ለድምፁ ብዬ ቴሌቪዥን ከፈትኩ፤ የአየር ሁኔታ ከሚናገረው ሰውዬ ጋር ቁርስ በላሁ። ዳቦ፣ ቆሜ። በሩን ቆለፍኩ። ተመልሼ ከፈትኩና ገባ ብዬ አየሁ። እንደገና ቆለፍኩ።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ለእማዬ ደወልኩ። ሥራ ላይ ስልክ አይፈቀድም፤ እሷ ግን ወዲያው አነሣችው።

«ወጣህ?»

«ወጣሁ።»

«በላህ?»

«በላሁ።»

ስትተነፍስ ይሰማኛል። ሁለታችንም አልዘጋንም፤ አውቶቡሱ መጣ።

ትምህርት ቤቱ ገና አልተከፈተም ነበር። ጽዳት የሚሠሩት ሽማግሌ በመስታወቱ አይተውኝ አስገቡኝ። ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዬን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። ሁሉንም ቀድሜ ደረስኩ።

ከዚያ እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ። የቀሰቀሰኝ ደወሉ ነው። ይህን ለአክስቴ አልነግራትም።