ለባህሩ ላፕቶፕ የመጣው ፕሮሰሰር

የካቲት 14 ቀን 2008
ከቢሮ ስመለስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባህሩ አልጋው ላይ፣ ላፕቶፑ ጭኑ ላይ። ሐምሌ ላይ አብደራፊ እርሻ ላይ የሚነዳው ትራክተር ተገልብጦ እግሩን ከሰበረው ወዲህ የወንድሜ ዓለም ይቺው የኳስ ጌም ናት። አሁን እሷም ትቆራረጣለች... ጎሉ ከገባ በኋላ ነው በረኛው የሚወድቀው። ፕሮሰሰሩ ይቀየርልኝ አለ። ምሳ በልተሃል ወይ ስለው የጌሙን ድምፅ ጨመረ።

የካቲት 17
ኮምፒውተር ጠጋኙ አብዱልሀኪም ሱቅ ጎራ አልኩ። ፕሮሰሰር ቢቀየር ጌሙ ይፈጥናል? አልኩት። ሲከፈትና ፋይል ሲያወጣ ይፈጥናል፤ ለጌም ግን ዋናው የስዕል ካርዱ ነው፣ እሱ ደግሞ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ አይቀየርም አለኝ።
ለባህሩ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምን ላድርግ? ሌላ ምንም ጠይቆኝ አያውቅ...

የካቲት 18
ይምጣለት አልኩ።

መጋቢት 9
አብዱልሀኪም ሱዳን ባለው ዘመዱ በኩል አስመጣው፤ ከሌላ ማሽን የተፈታ። ቤት መጥቶ ገጠመው። ማሽኑ ቶሎ ተከፈተ። ባህሩ ትራሱን ተደግፎ ቀና አለ፤ ጥርሱን ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ጌሙ ተጀመረ። ያው ነው። ትንሽ ሻል ያለ መሰለኝ... ወይስ እንዲሻል ስለፈለግኩ ነው? ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሥሩ እጅ እስከማያስነካ ጋለና ድርግም አለ።

መጋቢት 10
ሦስቴ ጠፋበት።

መጋቢት 13
ላፕቶፑን አልጋ ሥር ከቶታል። አይበላም። ተናደድኩ፣ ዋጥኩት። ቢሮ ባልደረባዬ ጥሩአየሁ ፊትሽ ጠቁሯል አለችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት።

መጋቢት 15
ልብስ እያጠብኩ ጠራኝ። «እቴ፣ ካቻቪቴ አለ?»
ከጎረቤት ለምኜ አመጣሁለት። ላፕቶፑን ፈታው። የአየር መውጫው በአቧራ ተወትፏል። በቀለም ብሩሽ ቀስ እያለ ጠረገው።
«ትልቅ ሞተር ብታስገቢበት ራዲያተሩ ካልቻለው ይግላል። ትራክተር ስነዳ ኖሬ ይሄ ይጠፋኛል?»
ትራክተር አለ። ከአደጋው ወዲህ ቃሉን አንስቶት አያውቅም፤ እኔም እንዳያመልጠኝ ስጠነቀቅ ነበር የኖርኩት። ብሎኖቹን መዳፌ ላይ ያዝኩለት።

መጋቢት 16
አቧራው ከወጣ ወዲህ አይጠፋም። የስዕሉን ጥራት ሲቀንሰው ጌሙ ደብዘዝ አለ እንጂ መቆራረጡን ተወ። ይሄ በድሮውም ፕሮሰሰር ይሆን ነበር አለኝ። ያ ሁሉ ልመና፣ ያ ሁሉ ምልልስ... መናደዱም ደከመኝ።

ሚያዝያ 4
የአብደራፊው እርሻ ባለቤት አቶ እንግዳው መጡ። አብዱልሀኪም የላፕቶፑን ነገር አጫውቷቸዋል። እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ ያቆሙት ትራክተር እየጋለ አስቸግሯቸዋል። «ንዳ አልልህም። መጥተህ እየው ብቻ» አሉት።
እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ላስብበት፣ አለ።

ሚያዝያ 8
ከቢሮ ስደርስ በሩ ተቆልፏል። አንኳኳሁ። ተጣራሁ። በቁልፍ ቀዳዳው አጮለቅኩ... ቁልፍ ይዤ ወጥቼ አላውቅም፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ እሱ ውስጥ እያለ ምን ያደርግልኛል?
ጎረቤቴ ታንጉ ብቅ አለች። ጠዋት ምርኩዙን ይዞ በባጃጅ ወደ ትራክተሩ ሄደ፣ ቁልፉንም በኪሱ ይዞት ሄደ አለችኝ። እኔ ጋ ገብተሽ ጠብቂው አለች። አይ አልኳት።
ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። እግሬ አብጧል፣ ርቦኛል።
ይቆይ።